ጀለቢያ መታወቂያ ወረቀት አይደለም

በአጣዬና በዙሪያዋ ጥይት በተተኮሰ ቁጥር፣ የሟች አስከሬን ሳይነሣና የተቃጠለው ቤት ጢስ ሳይበርድ፣ ከሁሉ ቀድሞ ከጆሯችን የሚደርስ አንድ ሐረግ አለ፤ «ጀለቢያ የለበሱ ሰዎች» የሚል። ማን ተኮሰ? ጀለቢያ የለበሱ። ማን አቃጠለ? ጀለቢያ የለበሱ። ስንት ነበሩ? ከየት ተነሡ? መሣሪያውን ማን ሰጣቸው? በዚያች ሌሊት ጸጥታ አስከባሪው የት ነበር? እነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ ከዚያ በኋላ ዋጋ ያጣሉ። ልብሱ መልስ ሆኖ ቀርቧልና ሌላ መልስ የሚሻ የለም። በማግሥቱም ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ጀለቢያውን ለብሶ ወደ ገበያ የወረደ ሽማግሌ ስለማያውቀው ወንጀል በዓይን ሲፈተሽ ይውላል።

ይህ ጸሐፊ ዛሬ ብዕሩን ያነሣው በዚህች ሐረግ ላይ ነው። ሐረጊቱ ሁልጊዜ ሐሰት ብትሆን ኖሮ ባልተደከመ፤ አንዳንዴ እውነትም ልትሆን ትችላለች። ጀለቢያ የለበሰ ሰው ሊተኩስ ይችላል፤ ሱሪ የታጠቀም፣ ጋቢ የደረበም፣ የመንግሥት የደንብ ልብስ ያጠለቀም ሊተኩስ እንደሚችል ሁሉ። የእኔ ክርክር፣ ይህ ልብስ በይፋት ምድር ስለ ለባሹ ምን ይናገራል በሚለው ላይ ነው። ጥቂት እንጂ ብዙ አይናገርም። እኛ ግን ነገዱን፣ ፓርቲውን፣ የልቡን አሳብ፣ አልፎ ተርፎም የነገ ዕቅዱን ሁሉ እናስናግረዋለን።

አጣዬ፣ በቀድሞ ስሟ ኤፌሶን፣ የኤፍራታና ግድም ወረዳ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 270 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በሸዋ ሮቢትና በከሚሴ መካከል፣ በአውራው ጎዳና ላይ ተቀምጣለች። በአስተዳደር በኩል ሰሜን ሸዋ ውስጥ ብትሆንም የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መንደሮች ከደጇ ይጀምራሉ፤ ሰንበቴም ጎረቤቷ ናት። ወደ ምዕራብ ሽቅብ የወጣ የግሼንና የመንዝን ደጋ ያገኛል፤ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል የወረደ ከአፋር ይደርሳል፤ አርጎባው በሸንተረሩ ወገብ ላይ ከጥንት ጀምሮ ሲነግድና ሲሸምን ኖሯል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በወላስማዎች ሥር የገነነው የኢፋት ሡልጣኔት ስሙን ያወረሰው ለዚሁ ምድር ነው። እስልምና በይፋት እንግዳ ነው የሚል ሰው ካለ፣ የብዙዎቻችንን አድባራት ዕድሜ ከዚህ ዘመን ጋር ያስተያይና ከዚያ በኋላ ይናገር።

እንግዲህ በዚህ አገር ወንዱ ምን ይለብሳል? የሙስሊሙ ገበሬ የዘወትር ልብስ ሽርጥ ነው። ከወገብ ታጥቆ ወደ እግር የሚወርድ ጨርቅ፤ ከላይ ሸሚዝ፣ በትከሻ ጋቢ ወይም ፎጣ፣ በእጅ ዱላ። ለቆላ ሰው የተገኘ ብልኃት ነው፤ ነፋስ ያስገባል፤ ለማረስም፣ ወንዝ ለመሻገርም፣ ለስግደት ለመንበርከክም አያስቸግርም። ጀለቢያ የክት ልብስ ነው። ለዓርብ ጁምዓ፣ ለዒድ፣ ለመውሊድ፣ ለሠርግ፣ ለሽምግልና ይወጣል። ታጥቦ፣ በካውያ ተተኩሶ፣ በነጭ ኮፍያ ይለበሳል። ለባሹ ሸኽ ከሆነ ጥምጣም ይታከልበታል። ከበላዩም ጋቢ ይደረባል፤ ይህን ልብ በሉ፣ ጋቢ! የሐበሻ ሸማኔ ሥራ የሆነው ያው ጋቢ፣ «ከዐረብ አገር መጣ» በሚባለው ቀሚስ ላይ ተደርቦ፣ ሁለቱ አንድ ሰው አልብሰው ሲሄዱ ማንም ተገርሞ አያውቅም።

የነገሩም ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። አማራው ሙስሊም እንዲህ ይለብሳል። ኦሮሞውም እንዲህ ይለብሳል። አርጎባውም እንደዚሁ። አፋሩም ሽርጡን ታጥቆ ይመጣል። በሰንበቴ ገበያ እሑድ ቀን ቆሞ፣ አንደበታቸውን ሳይሰማ በልብሳቸው ብቻ አራቱን ነገዶች እለያለሁ የሚል ሰው ካለ፣ እርሱ ወይ ነቢይ ነው ወይ ቀጣፊ። ይፋትን ካየነው ሁሉ አንድ የሚያደርግ ነገር ቢፈለግ፣ ከገበያው ቀጥሎ የሚጠራው ይህ የወንዶች ልብስ ነው።

ታዲያ በ2011 በአጣዬ፣ በካራቆሬና በማጀቴ የተነሣው፣ በ2013 መጋቢትና ሚያዝያ አጣዬን አመድ ያደረገው፣ በ2015 ጥር ደግሞ ያገረሸው ግጭት ሲነገር «የአማራና የኦሮሞ» ተብሎ ነው የሚነገረው። በዚያ ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አልቀዋል፤ ሺዎች ቤት አልባ ሆነዋል፤ ከሁሉም ወገን እናት አልቅሳለች። የብሔር ነው በተባለው ጠብ ውስጥ ግን መለያው የሃይማኖት ልብስ ሆኖ ተገኘ። እስቲ አስቡት! ጠቡ የነገድ ነው ይባላል፤ ማስረጃው የእምነት ነው። በመካከሉ አማራው ሙስሊም ምን ይሁን? ከአንዱ ወገን ሲደርስ ጀለቢያው ኦሮሞ ያሰኘዋል፤ ከሌላው ወገን ሲደርስ ደግሞ አፉ አማራ ያሰኘዋል። ሁለት ጊዜ ባዕድ የሆነ የአገር ልጅ ማለት ይህ ነው። የይፋት አማራ ሙስሊም ጥቂት ሰው መስሎ የሚታየው ካለ፣ አገሩን የሚያውቀው ከመኪና መስኮት ነው ማለት ነው።

በዚህ መንገድ የተመላለሰ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። መኪናው ወደ አንዳንድ ኬላ ሲቃረብ ጀለቢያውን አውልቆ በፌስታል የሚጠቀልል መንገደኛ አለ። ጥቂት ኪሎ ሜትር ካለፈ በኋላ ደግሞ ማተቡን ወደ ሸሚዙ ውስጥ የሚሸጉጥ ሌላ መንገደኛ አለ። ሁለቱ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሊሆን ይችላል። አንዱ ሲያወልቅ ሌላው አይቶ እንዳላየ ይሆናል፤ ሌላው ሲሸጉጥም ያኛው እንዲሁ። ጨዋነታቸው ያስመሰግናቸዋል። ለዚህ ያበቃቸውን ሥርዓት ግን ምን ብለን እንጥራው?

(በነገራችን ላይ፣ «ጸሐፊው የየትኛው ወገን ነው?» እያለ ከመስመር መስመር ፍንጭ የሚፈልግ አንባቢ ካለ፣ ይህ ጽሑፍ የተጻፈው በተለይ ለእርሱ ነው።)

ስለ ቃሉ ጥቂት እንጨዋወት። ጀለቢያን ብዙ የዐረብ አገር ሰው «ቀሚስ» ይለዋል። እኛም ቀሚስ እንላለን፤ ሴቶቻችን ቀሚስ ይለብሳሉ፤ ካህናቶቻችንም ከካባቸው ሥር እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ቀሚስ ይለብሳሉ። ላቲኑም «ካሚሲያ» የሚል ዘመድ ቃል አለው። ቃሉ ከባሕር ማዶ ወዲህና ወዲያ ሲመላለስ የማንም የግል ርስት ሆኖ አያውቅም። ጥምጣምም እንዲሁ ነው። በይፋት ወይም በወሎ መንገድ ከሩቅ ነጭ ጥምጣም፣ ነጭ ረጅም ልብስና ነጭ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ሲመጣ፣ ቄስ ይሁን ሸኽ የሚለየው ቀረብ ሲል ነው፤ መስቀል ወይም መቁጠሪያ ሲታይ። መቁጠሪያውም ቢሆን አያስተማምንም፤ ሁለቱም ይይዛሉና። ድንጋይ የሚያነሣ ሰው ደግሞ ቀረብ እስኪል አይጠብቅም።

ይህ ልብስን የመክሰስ ልማድ አጣዬ ላይ የተፈለሰፈ እንዳይመስላችሁ። ከቤተ መንግሥት ነው የወረደው። በመስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ የመስቀል በዓል ዕለት፣ በአዲስ አበባ የተሰበሰቡት መኳንንት ልጅ ኢያሱን ከአልጋ አወረዱት፤ ሊቀ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም አወገዙት። ክሱ ሃይማኖቱን ለውጧል የሚል ነበር። ከክሱ ጋር ሕዝቡን እንዲያሳምን የተሠራጨው ነገር ምን ነበር? ልጅ ኢያሱ ጥምጣም ጠምጥሞ፣ የሙስሊም ልብስ ለብሶ የሚታይበት ፎቶግራፍ! ፎቶግራፉ በአንድ አርመናዊ ፎቶ አንሺ የተቀነባበረ ነው ተብሎ ብዙ ተጽፎበታል፤ የለም፣ በእርግጥም ለብሶት ነበር የሚሉም አሉ። የታሪክ ተመራማሪዎቹ ይከራከሩበት። ለእኔ የሚያስገርመኝ ሌላ ነው፤ መቶ ዓመት ሙሉ «ፎቶው ሐሰት ነው» እና «ፎቶው እውነት ነው» ስንባባል፣ «እውነት ቢሆንስ?» ብሎ የጠየቀ ጥቂት ሰው ነው። ከሶማሌና ከአፋር ባላባቶች ጋር ወዳጅነት ለመመሥረት የተነሣ ወጣት ንጉሥ፣ እነርሱ ዘንድ ሄዶ እንደ እነርሱ ቢለብስ ወንጀሉ ምኑ ላይ ነው? የአውሮፓ መልእክተኛ ሲመጣ እንደ አውሮፓ መልበስ ሥልጣኔ ተብሎ፣ የሐረርጌና የአፋር ዜጋውን ሲጎበኝ እንደ ዜጋው መልበስ ክህደት የሚሆንበት ሚዛን የማን ሚዛን ነው?

ሚዛኑ የማን እንደነበረማ ይታወቃል። ዓለም በአንደኛው ጦርነት ላይ ነበረች። የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣሊያ ሌጋሲዮኖች ልጅ ኢያሱ ወደ ቱርክና ወደ ጀርመን ያጋድላል ብለው ሰግተው ነበር፤ ለመኳንንቱም አቤቱታቸውን በጽሑፍ አቅርበዋል። የሸዋ መኳንንት ደግሞ ሥልጣናቸው ወደ ወሎ እንዳይሄድባቸው የራሳቸው ስጋት ነበራቸው። ይህን ሁሉ የሥልጣንና የውጭ ጉዳይ ጣጣ ለአንድ ገበሬ ማስረዳት አድካሚ ነው። ጥምጣሙን ማሳየት ግን ቀላል ነው።

ከዚያ የሆነውን ሁሉም ያውቃል። አባትየው ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር አስከትተው ወደ ሸዋ ገሠገሡ፤ ራስ ልዑል ሰገድ በቶራ መስክ ወደቁ፤ በጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ በተደረገው ውጊያ ንጉሥ ሚካኤል ድል ሆነው ተማረኩ፤ የአገር ልጅ ከአገር ልጅ ጋር በሺዎች ተላለቀ። ልጅ ኢያሱ በዚያ ሰሞን ከአፋር በኩል አንኮበር ደርሶ ነበር፤ ይኸውም ከይፋት ራስጌ መሆኑ ነው። እኒሁ ንጉሥ ሚካኤል ደግሞ ከ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በፊት ኢማም መሐመድ ዓሊ ይባሉ ነበር። በምሳሌ ብንናገር፣ አባት ጥምጣሙን አውልቆ ካባ ስለለበሰ ንጉሥ ሆነ፤ ልጅ ካባውን አውልቆ ጥምጣም ለበሰ ተብሎ ዘውድ ሳይጭን ወረደ። በሁለቱ መካከል ያለው አርባ ዓመት የማይሞላ ጊዜ ነው። እንግዲህ በዚህች አገር አንድ ክንድ ከስንዝር ጨርቅ ዙፋን የሚያስገኝና ዙፋን የሚነሣ ከሆነ፣ የአጣዬው ሽማግሌ በፌስታል ጠቅልሎ ቢደብቀው ምን ይፈረድበታል?

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። ኢጣሊያ በወረራው ዘመን ሙስሊሙን ለመያዝ መስጊድ ስታሠራና ሐጅ ስትልክ፣ ያ ያልጠየቁት ውለታ ከነጻነት በኋላ በጠቅላላው ሙስሊም ላይ ጥርጣሬ ሆኖ ተቆጠረ፤ የከዳው ባንዳ ከየሃይማኖቱ እንደነበረ ሁሉ የተዋጋውም አርበኛ ከየሃይማኖቱ መሆኑ ተረሳ። ለአሠርት ዓመታት «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» እየተባለ ተነገረ፤ ተከራይ ይመስል! ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያጥለቀለቀው ሰላማዊ ሰልፍ ይህን ለመቃወም የወጣ ነበር፤ ከነጫጭ ጀለቢያዎቹ መካከል የተሰለፉ ክርስቲያኖችም ነበሩበት። በዓመቱ ዒድ አል ፈጥር፣ ዒድ አል አድሐና መውሊድ ብሔራዊ በዓላት ሆኑ። ከአርባ ዓመት በኋላ ግን የመንግሥት ቴሌቪዥን በ2005 ዓ.ም. «ጂሃዳዊ ሐረካት» የተሰኘውን ዘጋቢ ፊልም አቅርቦ፣ ጉዳያቸው ገና በፍርድ ቤት የሚታይ ሰዎችን በሕዝብ ፊት ፈረደባቸው። በዚያ ሰሞን በየሠፈሩ «ሱሪ ያሳጠረ» እና «ጢሙን ያስረዘመ» የሚባል አዲስ የወንጀል ዓይነት ተፈጠረ። በወንጀል ሕጋችን ውስጥ ስለ ሱሪ ርዝመት የሚደነግግ አንቀጽ የለም፤ ሕዝቡ ግን በቴሌቪዥን የተሰጠውን አንቀጽ በቃሉ ያዘው።

እስካሁን የተናገርኩትን እያነበበ «እሰይ፣ ልክ ልካቸውን ነገራቸው!» የሚል ወዳጅ ይኖራል። ይቆየኝ፤ ወደ እርሱም እየመጣሁ ነው። ከሌላው አቅጣጫ ያንኑ ልብስ መታወቂያ ያደረጉ አሉና። በዚህ ሃያና ሠላሳ ዓመት ውስጥ ሽርጡን የማያውቁ ሰዎች መጥተው፣ የይፋትና የወሎን አባቶች አለባበስ «የድንቁርና» ብለው፣ እውነተኛው የእስልምና ልብስ ይህ ነው በማለት ከሪያድና ከጅዳ ሱቅ የመጣውን ብቻ የሚያጸድቁ ተነሥተዋል። ጋቢ ደርቦ መውሊድ የሚያወጣውን ሸኽ፣ የቅድመ አያቶቹን ዱዓ የሚያደርሰውን ደረሳ በልብሱ ይለኩታል። ይህም ያው በሽታ ነው፤ ሐኪሙ ብቻ ተለወጠ።

ለእነዚህ ወገኖች ከራሳቸው መጻሕፍት እንመልስላቸው። ነቢዩ ሙሐመድ ቀሚስ ይወዱ እንደነበር ኡሙ ሰለማ አውርተዋል፤ ይህን ሁሉም ይጠቅሰዋል። አል ሙጚራ በዘገቡት ሐዲስ ግን እጅጌው ጠባብ የሆነ የሻም ጁባ ለብሰው እንደነበር ተጽፏል። ሻም በዚያ ጊዜ በማን እጅ ነበረች? በክርስቲያኑ በሮም ንጉሥ እጅ። የየመን መጎናጸፊያም ይለብሱ ነበር። ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ከሁሉ የሚጥመው ደግሞ የቡረይዳ ዘገባ ነው፤ ነጃሺ፣ ይኸውም የሐበሻው ንጉሥ፣ ሁለት ጥቁር የቆዳ ኹፍ ልኮላቸው እርሳቸውም ተጫምተዋቸዋል። እንግዲህ ነቢዩ ራሳቸው የሮም ግዛት ጁባ ለብሰው፣ የየመን ኩታ ደርበው፣ የሐበሻ ጫማ ተጫምተው ከሄዱ፣ አንተ የይፋቱን ሽርጥ የምታወግዘው በማን ሥልጣን ነው? ሐጅ የሄደውን ሰውስ እዩት። ኢሕራም የሚለው ምንድን ነው? ሁለት ያልተሰፉ ነጫጭ ጨርቆች፤ አንዱ ከወገብ የሚታጠቅ፣ አንዱ በትከሻ የሚጣል። በካዕባ ዙሪያ የሚሊዮነሩ ልብስ ይህ ነው። ሽርጥና ጋቢ ብለን እንጥራው ብንል ማን ይከለክለናል? የይፋት ገበሬ ዓመት ሙሉ ሐጅ ላይ እንዳለ ሰው ለብሶ ያርሳል።

ልብስን የሰው መለያ ማድረግም የአንድ ወገን ኃጢአት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1301 በግብጽ የማምሉክ ሡልጣኖች ክርስቲያኑ ሰማያዊ፣ አይሁዱ ቢጫ ጥምጣም እንዲጠመጥም አዘዙ፤ ነጩ ለሙስሊሙ ብቻ ሆነ። አንድ ኮፕት በካይሮ ጎዳና ከሩቅ እንዲታወቅ ነው። ከሩቅ የታወቀ ሰው ምን እንደሚገጥመው የይፋት ሰው አያጣውም። በዘመናችንም አታቱርክ በ1925 ፌዝ ቆብን ከልክሎ ባርኔጣ አዘዘ፤ የፋርሱ ሬዛ ሻህ በ1928 ወንዱን ሁሉ ኮትና ሱሪ በሕግ አለበሰ፤ ፈረንሳይ በ2023 አባያ ብቻ ሳይሆን የወንዶቹንም ቀሚስ ከመንግሥት ትምህርት ቤት አባረረች። እኛም አገር በአክሱም ትምህርት ቤቶች በ2017 ዓ.ም. የሴት ተማሪዎች ሒጃብ ፍርድ ቤት ድረስ የደረሰ ጉዳይ ሆኗል። ይህ ጽሑፍ ስለ ወንዶቹ ስለሆነ በእርሱ ላይ አልቆይም።

አንድ የማከብረው ወዳጄ እንዲህ ሲል ሞገተኝ፦ «ይሁን፣ ሽርጡ የአባቶች ነው። ጀለቢያው ግን እንዲህ የበዛው ትናንት ነው። ከልብሱ ጋር ትምህርትም መጥቷል፤ ይህን አትካድ።» አልክድም። ከልብሱ ጋር የመጣ ትምህርት አለ፤ ስለ ትምህርቱ መከራከርም የተገባ ነው፤ የይፋት ሸኾች ራሳቸው ሲከራከሩበት ኖረዋል። ነገር ግን ጀለቢያው እንዴት እንደበዛ አብረን እንመልከት። የይፋትና የወሎ ወጣት ሥራ ፍለጋ በጅቡቲና በየመን አድርጎ ሳዑዲ ዐረቢያ ይገባል። በረሃውና ባሕሩ የዋጠው ዋጠው፤ የተረፈው ፍየል ጠበቀ፣ ጥበቃ ሠራ፣ ሲሚንቶ ተሸከመ። ጥቅምት 2006 ዓ.ም. የጀመረው አፈሳ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ አገር መለሰ። ብዙዎቹ ቦሌ ሲወርዱ የያዙት አንድ ሻንጣ ነበር፤ እርሱም ያልያዘ ነበር። በሻንጣው ውስጥ አሠሪው የሰጠው ወይም ከደመወዙ የገዛው ጀለቢያ አለ። ይህ ልጅ ጀለቢያውን በአጣዬ ለብሶ ሲታይ አንዱ «አክራሪ» ይለዋል፣ ሌላው «እውነተኛ ሙስሊም» ይለዋል። እርሱ ግን የለበሰው ከሦስት ዓመት ስደት የተረፈውን ብቸኛ ንብረት ሊሆን ይችላል። ጀለቢያ ርካሽም ነው። የገበያውን የቴትሮን ጨርቅ ገዝቶ ከበረንዳ ላይ ለሚሰፋ ልብስ ሰፊ ለሰጠ ሰው ከኮትና ሱሪ ያነሰ ያስወጣዋል። ከዚህ ሁሉ የኑሮ ምክንያት ውስጥ አንዱን ብቻ መርጦ ሴራ ነው ማለት፣ የነገሩን ግማሽ እንኳ አለማየት ነው።

ስለዚያ ልብስ ሰፊም አንድ ነገር ልበል። በዚያ አገር ከበረንዳው ሲንጀሩን የሚረግጠው ሰው የካህኑንም ቀሚስ ይሰፋል፤ የሸኹንም ጀለቢያ ይሰፋል። ጨርቁ ከአንድ ጣቃ ሊቆረጥ ይችላል። ልዩነቱ የአንገቱ አቆራረጥና የቁልፉ ብዛት ነው። ሰፊው ይህን ያውቃል፤ ለሁለቱም ለበዓል እንዲደርስላቸው ይማልላቸዋል፤ ለሁለቱም አያደርስላቸውም።

ወደ ተነሣሁበት ልመለስ። ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ በአማራ ክልል ጦርነት ነው፤ መንገዱ ላይ የሚቆም ታጣቂም ዓይነቱ በዝቷል። መንገደኛን የሚያስቆም ሁሉ፣ የመንግሥት ይሁን የሌላ፣ መጀመሪያ የሚያየው ልብስ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 ማንም ሰው ሃይማኖቱን በግልጥም ሆነ በስውር የመከተልና የመግለጽ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ይህን አንቀጽ የጻፉት ሰዎች ግን በኬላ አልተፈተሹም። ስለዚህ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። የወረዳና የዞን አስተዳዳሪ መግለጫ ሲሰጥ የተጠርጣሪውን ስም፣ የተያዘውን መሣሪያ፣ የተፈጸመውን ድርጊትና የሟቾችን ዝርዝር ይናገር። ልብስ መጥቀስ ካስፈለገውም የሁሉንም ይጥቀስ፤ የገዳይ ጀለቢያ ሲነገር የሟች ጀለቢያም ይነገር፤ በእነዚያ ዓመታት ጀለቢያ ለብሰው የሞቱ፣ ጀለቢያ ለብሰው ጎረቤታቸውን ከእሳት ያወጡ ነበሩና። ሰባኪውም፣ በሚናገርበት ሰሌዳ ሁሉ፣ የጎረቤቱን ልብስ ከማውገዙ በፊት የራሱን ከየት እንደመጣ ይጠይቅ።

ጋዜጠኛውም በሚቀጥለው ጊዜ «ጀለቢያ የለበሱ ታጣቂዎች» የሚል መግለጫ ሲደርሰው፣ ሳያትመው ስልክ ይደውልና ሁለት ጥያቄ ይጠይቅ። ጀለቢያውን ተወው፤ ክላሹን ያስታጠቃቸው ማነው? በዚያች ሌሊት ከተማውን እንዲጠብቅ ተመድቦ የነበረውስ ኃይል በስንት ሰዓት፣ በማን ትእዛዝ ወጣ?